ሦስቱ መስኮቶች

እኔ ስናገር በዚህ ቤት የሚሰማኝ የለም፤ «ፊደል አልቆጠረች» ይሉኛል። እሺ፣ ሃፊዛስ? የልጅ ልጄ አሥረኛ ክፍል ደርሳ እሷንስ ማን ሰማት?

ሚሊኒየሙን ያከበርን ዓመት ነው። ሃፊዛና የክፍል ጓደኛዋ ያሬድ ቡታጅራ እኛ ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ተጥደዋል። ለትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ሠርተው ነገ በወላጆች ፊት ሊያሳዩ ነው። ማዋሻ፣ መመለሻ፣ መፈለጊያ፤ ሦስት ገጽ አለው። እነሱ መስኮት ይሉታል። መምህራቸው ሰማያዊው ሁሉ አረንጓዴ ይሁን ብሏል። ያሬድ ማውዙን ይዞ አንዱን ቀየረ፤ ሁለቱ ሰማያዊ እንደሆኑ ቀሩ።

«ቀለሙን በየመስኮቱ አትጻፈው አልኩህ እኮ» አለች ሃፊዛ።

«አንድ ቦታ አድርጌው የለ! ማዋሻው ላይ ጻፍኩት፤ ሌሎቹ አላገኘንም ካሉ ምን ላድርግ?»

«ማዋሻው ውስጥ ያለውን ማዋሻው ብቻ ነው የሚያየው። ከመስኮቶቹ ሁሉ በላይ፣ በፕሮግራሙ በራሱ ላይ ይጻፍ። ያኔ ሦስቱም ከዚያ ይወስዳሉ፤ አንዴ ስንቀይረው ሁሉም ይቀየራል።»

«ባክሽ አትቀውጪብኝ! በየመስኮቱ ኮፒ እናደርገዋለን፣ አለቀ።»

«ነገ ደግሞ መምህሩ ቀይ ይሁን ቢለንስ?» አለች ሃፊዛ። «ለአረፋ አገር ቤት ስንሄድ አረቅጥ የምናየውን ጀፎረ አስበው። ከቤቶቹ ሁሉ ፊት ያለ ሰፊ መስክ ነው፤ የሁሉም ስለሆነ ማንም አያጥረውም። አንተ ግን ቀለሙን ግቢህ ውስጥ አጥረህ ጎረቤት ለምን አላገኘውም ትላለህ!»

ያሬድ ከት ብሎ ሳቀ። «ጀፎረና ኮምፒውተር! ፋራ! በይ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ።»

ሃፊዛ ፊቷ ቀላ። ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። እኔ ጥርሴን ነከስኩ፤ እንደ ሁልጊዜው አንገቷን ደፍታ ልትገለብጥለት ነው። እሷ ግን እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«አልጽፍም» አለች።

ያሬድ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ ከድጄ፣ ይንገሯት እንጂ! ነገ እኮ ነው!»

አሁን ትዝ አልኩት።

«ለእሷ የምነግራት የለኝም» አልኩት። «አንተ ግን ስማኝ፤ ማውዙን ልቀቅና ከዚያ ወንበር ተነሥ። እንዳለችው ትሥራው፤ አንተ ቆመህ እይ።»