የመመለሻው ቱቦ

እፍረት ፍቅርን አስሮ ሲያስቀምጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጆቼ። ያየሁትም ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአቶ መንበሩ ፔንሲዮን፣ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ነው። ቀስ ብዬ ላውጋችሁ።

ጌታሰው የእኛው አገር የአምበር ልጅ፣ የወንድሜ ልጅ ነው። የቧንቧና የማሞቂያ ሥራ ተምሮ ደብረ ማርቆስ ይሠራል። አቶ መንበሩ ቤታቸውን ሲያድሱ አስጠሩት። በገባበት ዕለት ልጃቸውን የኔአለምን ደረጃው ላይ አገኛት። ፔንሲዮኑን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ለእንግዶች የፈላ ውሃ በባልዲ ተሸክማ ፎቅ ትወጣለች። የእጇ አንጓ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባልዲው ነዋ! እንግዳው ሙቅ ውሃ ይላል፣ እኔ እሸከማለሁ።»

«ከእንግዲህ ቱቦ ይሸከመው» አላት።

ሳቀች። እሱ መሬት መሬቱን አየ። የፍቅራቸው መጀመሪያ ይኸው ነው፤ እሷ ስትስቅ፣ እሱ ሲያፍር።

ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ምድር ቤት ቦይለር ተከለ፤ ፎቅ ላይ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ትልቅ የብረት ጋን አቆመ። ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ፦ ቦይለሩ ያፈላው ውሃ ሽቅብ ይወጣና በጋኑ ሆድ ውስጥ በተጠማዘዘ ቱቦ ዞሮ ይመለሳል። ገላ የምንታጠብበት ውሃ ቱቦውን ከብቦ ይቀመጣል። ሁለቱ ውሃዎች አይነካኩም፤ ሙቀቱ ብቻ ይተላለፋል።

«እንደ አንተና እንደ የኔአለም በለኛ!» አልኩት።

እስከ ጆሮው ቀላ። በኅዳር ሽማግሌ ሁኑኝ ብሎ ለመነን።

እኔ፣ ከዲማ የመጡት መሪጌታ ወልደ ሚካኤልና ጎረቤቴ የሺዋስ ተነሣን። እንግዲህ አገራችን ወግ አላት፤ ሽማግሌ የላከ ወጣት በዚያ ቀን ልጅቷ ቤት አይታይም። ጌታሰው ጠዋት ማሞቂያውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሥቶ፣ እኛ ከሰዓት ስንመጣ ከሰፈሩ ሊጠፋ አስቧል። እኛ ግን መኪና ቶሎ አገኘንና በረፋዱ ከች አልን።

ጉዳያችንን ልንጀምር ስንል አቶ መንበሩ እጃቸውን አነሡ።

«የመንገደኛ እግር ሳይታጠብ ወሬ የለም። ዛሬ ደግሞ ምድጃ አንለኩስም፤ ቧንቧ መክፈት ብቻ ነው!»

የኔአለም ከጥግ ካለው ቧንቧ በጆግ ቀድታ መጣች። ለምን እንደመጣን ታውቃለች። ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም፤ ከእፍረቷ የተነሣ ውሃውን በእጇ እንኳ ሳትሞክር እግሬ ላይ ለቀቀችው።

«ኧረ አምላኬ!» ብዬ ዘለልኩ። የጮቄ ተራራ ምንጭ እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም!

የሺዋስ ሳቁ አመለጠው። አቶ መንበሩ አልሳቁም። በከተማው ሁሉ ያወሩለት ሙቅ ውሃ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

«ባትነግሩኝም አውቃለሁ፤ ይሄን የሠራው ልታማልዱለት የመጣችሁት ልጅ ነው» አሉ። «የሰው ቤት ማሞቅ ያቃተው የራሱን ሊያሞቅ ነው?»

አቀረቀርን። የኔአለም ጆጉን አስቀምጣ ወደ ምድር ቤት ሮጠች። እኔም «ቆዩኝ» ብዬ በእርጥብ እግሬ ተከተልኳት።

ጌታሰው ከቦይለሩ ጀርባ እንደ ሌባ ተሸጉጧል። እሳቱን ትቶ መሄድ አልቻለም፤ ወደ ላይ መውጣት ደግሞ አፈረ።

«አያ ዘመነ ሲጮኹ ሰማሁ» አለ፣ እኔን ቀና ብሎ ሳያየኝ።

«ምን ነካው ውሃው?» አለችው።

እጇን ያዘና ወደ አንደኛው ቱቦ አስጠጋው። «ይሄ መሄጃው ነው። እንዳትነኪው፣ ይፋጃል።» ከዚያ ሌላኛው ላይ አሳረፈው። «ይሄ መመለሻው ነው።»

«በረዶ ነው!»

«ዙሩ ተቋርጧል። ጋኑ አናት ላይ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ታፍኖ፣ ፓምፑ ያጉረመርማል እንጂ ውሃው አይዞርም። ስሞላው አስተንፍሼው ነበር። ውሃው ሲሞቅ ግን የቀረው አየር ተመልሶ አናት ላይ ይሰበሰባል። እንደገና ላስተነፍሰው ልወጣ ስል የሽማግሌዎቹ ድምፅ...»

«እና ተደበቅህ።»

«በሳሎኑ መሐል ልለፍ? ሽማግሌ ልኬ?»

እጇ አሁንም ቱቦው ላይ ነበር፤ የእሱም እጅ በእሷ ላይ። እኔ መኖሬን መርሳታቸው ገባኝ። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

«ቁልፉን ልስጥሽ፤ አንቺ ወጥተሽ የጋኑን የአየር ማስተንፈሻ ትንሽ ፍቺው» አላት።

ተቀበለችው። አገላብጣ አየችውና መልሳ መዳፉ ውስጥ አኖረችው።

«አልፈታውም። እኔም እዚያ ላይ አፍሬያለሁ፣ ብቻዬን። አፍረህ ከምትቀር፣ አፍረህ ና።»

ቁልፉን ጨብጦ ደረጃውን ወጣ፤ እኛም ከኋላው።

ጥላሸት በያዘ ቱታ፣ አንገቱን ደፍቶ ሳሎን ሲገባ መሪጌታ ኩታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉ አቶ መንበሩ። «ወግ የለም እንዴ?»

«ወግ አለ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አየሩ ካልወጣ ውሃው አይሞቅም።»

ይህን እያለ እግሩ አልቆመም፤ ሳሎኑን አቋርጦ ወደ ጋኑ አለፈ። ከጠባቧ ክፍል «እስስስ» የሚል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ መንተፍተፍ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ የውሃ ድምፅ። ከምድር ቤትም የፓምፑ ማጉረምረም ቆመ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ይሄ ከሁሉ ባሰ። ጌታሰው በሩ ሥር ቆሞ፣ መሄድም መቀመጥም አልቻለም። የሺዋስ ወደ እግሬ ጎንበስ ብሎ «እስኪቀልጥ በርታ» ይለኛል።

በኋላ፣ ቱቦውን ልትዳስስ የወረደችው የኔአለም ከታች ጮኸች፦ «መመለሻው ሞቀ!»

እንደገና ቀዳች። አሁን በአንጓዋ፣ እዚያው ጠባሳዋ ላይ ሞከረችውና እግሬ ላይ አፈሰሰችው። አቤት! አጥንቴ ድረስ ገባ። የሦስታችንንም አጠበች። አቶ መንበሩ ወደ በሩ ዞሩ።

«አንተ፣ ጫማህን አውልቅና ና ተቀመጥ።»

ጌታሰው ተቀመጠ፤ እሷ ስትንበረከክ ግን እግሩን ወንበሩ ሥር ቀበረው።

«እግርህን አትሰብስብ!» አሉት አባቷ። «ሚስትህን ማፈሩን ዛሬውኑ ጨርስ።»

መሪጌታ ብድግ አሉ። «ጌታዬ፣ ገና ጉዳያችንን አልተናገርንም'ኮ!»

«ማን ከለከላችሁ? እግራችሁን አድርቁና ተናገሩ።»

እኛም ፎጣ ተቀባበልን። ጌታሰው ታጥቦ ሲያበቃ ጆጉን ከእጇ ወሰደ። እጇን ሳፋው ላይ ዘረጋላትና፣ በአባቷ ፊት፣ በእኛ ፊት፣ ጠባሳዋ ላይ ሙቁን ውሃ ቀስ አድርጎ አፈሰሰላት። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ዓይኑን ግን ከዓይኗ አልነቀለም።