የቀደደው ይስፋው

ብርድ ልብሴ መሐል ላይ ቀዳዳ ነበረበት። አራት ማዕዘን ነው፣ በምላጭ ተቆርጦ የወጣ፣ ጭንቅላት የሚያሳልፍ። ሃያ ዓመት እንዲሁ ተከናንቤው ተኛሁ። ክር አጥቼ አይደለም፤ መርፌ ሳልይዝ የዋልኩበት ቀን የለም። «የቀደደው ይስፋው» ብዬ ነው።

ሰው እልኸኛ ይለኛል። ይበል። ነገሩን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ጣሊያን ከጎንደር በወጣ ሰሞን ጨርቅ እንደ ጉድ ነበር። ድንኳኑ፣ መጋረጃው፣ የወታደሩ ካኪ፣ ሁሉም ገበያ ወጣ። ሰው ሙሉ ሙሉውን ሲሻማ እኔ ቁርጥራጩን እለቅም ነበር። የጎረቤት ሴቶች «ባንቺአየሁ ድሪቶ ልትሰፋ ነው» እያሉ ይሥቁብኛል። ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው፤ ቀዳዳ ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ሌላ ጨርቅ። የኔ ግን ሌላ ነበር። ቁርጥራጩን አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን አድርጌ እቆርጥና በላዩ ላይ ከሌላ ጨርቅ ያወጣሁትን ሥዕል እሰፋበታለሁ። አንዱ ላይ ዶሮ፣ አንዱ ላይ ቁልፍ፣ አንዱ ላይ ዣንጥላ፣ አንዱ ላይ የጣና ዓሣ። ሁሉንም ገጣጥሜ፣ ከሥሩ አቡጀዲ ገበር አድርጌ፣ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴም ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረ ነው።

ቁርጥራጭ ፍለጋ ፒያሳ ወደ አያ አሊ በረንዳ ሄድኩ። አያ አሊ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሲንጀር ማኪናቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው ይሰፋሉ። ከጠረጴዛቸው ሥር ገብቼ የወደቀውን ስለቅም አንድ እግር እጄን ረገጠኝ።

«ሰው ነሽ እንዴ? ድመት መስለሽኝ» አለ ባለእግሩ።

«ድመትስ ቢሆን ይረገጣል?»

ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፋንታሁንን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አያ አሊ ዘንድ ሙያ የሚማር ጎረምሳ ነበር፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለ እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ እያየ።

«ዶሮ።»

«ከካኪ ዶሮ?»

«ካኪው ክንፉ ብቻ ነው። ጅራቱ ቀይ ይሆናል። ቀይ የላችሁም?»

አልሣቀም። ሌላው ሁሉ ሥቆብኝ ነበር። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ቀይ ቁራጭ አወጣና ሰጠኝ... ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ቁርጥራጩ እየሰፋ መጣ። መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ነበረች፤ ኋላ ክንድ አከለች። ጎንደር ውስጥ ሱሪያቸው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር ወንዶች በዙ። አያ አሊ ሁሉንም ያያሉ።

«ፋንታሁን» አሉት አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ «የዚች ልጅ ብርድ ልብስ እስኪያልቅ የጎንደር ሰው ራቁቱን ሊሄድ ነው።»

«ጨርቁ ሲታጠብ እያጠረ ነው አያ አሊ።»

«ሳይታጠብ ነው ያጠረው። ሽማግሌ ላክና ገላግለን።»

ላከ። አባቴም እሺ አለ።

የመሐሉን ቁራጭ ለመጨረሻ አቆየሁት። የፋሲልን ግምብ ነው የሰፋሁበት። ድንጋዩን ከድንኳን ጨርቅ አደረግኩ፣ ጣራውን ከካኪ። በሩ ላይ ቸገረኝ። ቡኒ ላደርገው ነበር፤ ቡኒው ግን ከግድግዳው አይለይም።

«ጥቁር አድርጊው» አለኝ ፋንታሁን። «በር ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ውስጡ እስኪገቡ ድረስ።»

ለአንድ ሹም ካባ ከመጣ ጨርቅ ላይ ቆርጦ ሰጠኝ። ሰፋሁት። ሸጋ ሆነ። ዛሬም ሸጋ ነው እላለሁ።

እናቴ በልጇ ሙያ መኩራት አማራት። ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ወደ ፋንታሁን ቤት ሲሄዱ «አማቷ ይዩላት» ብላ ብርድ ልብሱን አስያዘቻቸው። የፋንታሁን እናት እመት ወለተ ሚካኤል ይባላሉ። ባላቸውንና ታላቁን ልጃቸውን በጣሊያን ጊዜ ቀብረው፣ ዓመታት ከል ለብሰው ኖረው፣ ያን ጥቁር ልብስ ገና ማውለቃቸው ነበር። ብርድ ልብሱ ተዘረጋላቸው። ዶሮውን አይተው ሣቁ አሉ። ዓሣውንም አመሰገኑ። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ጥቁር ምንድን ነው?»

«በር ነው እመት» አሏቸው አያ ማሩ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ከል ነው እንጂ። ከላዬ ካወረድኩት ወር አልሞላኝም። በሙሽራ አልጋ ላይ መልሳ ልታነጥፍብኝ ነው? የቀረኝ አንድ ልጅ ነው።»

ምላጭ አስመጡና ግምቡን ከነበሩ ቆርጠው አወጡት። የቀረውን አጥፈው ለሽማግሌዎቹ መለሱ። ጋብቻውም ቀረ።

ይህን የነገሩን እኒሁ አያ ማሩ ናቸው። የአባቴ ባልንጀራ ነበሩ። ብርድ ልብሱን እናቴ ጉልበት ላይ አስቀምጠው አቀረቀሩ።

«ፋንታሁንስ?» አልኩ። በሽማግሌ ፊት ልጃገረድ አትናገርም፤ ተናገርኩ።

«እዚያው ቆሞ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ቃል አልወጣውም ልጄ።»

እንግዲህ ቂሜ ይህ ነው። ሴትዮዋን አልተቀየምኩም፤ ልጅ የቀበረች እናት ጥቁር ብትፈራ አይፈረድባትም። እሱ ግን «ጥቁሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። ይህን ለማለት ምላስ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም።

ዓመት አለፈና ዳኛው ለሚባል የጠዳ ሰው ተዳርኩ። እህል በአህያ እየጫነ የሚነግድ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። ብርድ ልብሱን ይዤው ገባሁ።

«ምነው ይህን ቀዳዳ አትደፍኝውም?» አለኝ የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ።

«የቀደደው ይስፋው።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኔ እንጃ።»

«እሺ» አለና በቀዳዳው እግሩን አሾልኮ ተኛ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ልጃችን እናኑ ተወልዳ መዳህ ስትጀምር ደግሞ ጭንቅላቷን ታወጣበት ነበር። ደግ ሰው ነበር ዳኛው። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ አልተነሣም። እኔም ልጄን ይዤ ጎንደር ገባሁ። የሕፃን ቆብ፣ የትራስ ልብስ፣ የመሶብ ልብስ እየሰፋሁ አሳደግኳት።

ጎንደር በተመለስኩ ሰሞን በፒያሳ ሳልፍ ፋንታሁንን አየሁት። አያ አሊ አርጅተው በረንዳውን ለቀውለታል። ማግባቱን፣ ሚስቱም ትታው መካነ ብርሃን ዘመዶቿ ዘንድ መመለሷን ሰምቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ዐይኔ ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። ፍም የሞላ ካውያ ተቀምጧል። ከካውያው ሥር ግምቤ። ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ፣ ተቃጥሎ፣ የካውያ ማስቀመጫ ሆኗል።

ቀና ብሎ አየኝ። «ባንቺአየሁ...»

መንገዱን ተሻገርኩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፍኩም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ዞሬ ነበር የምሄድ።

ዘንድሮ እናኑ ታጨች። የሠርጓን ዕቃ ስናሰናዳ ብርድ ልብሱን አውጥታ ዘረጋችው።

«እናቴ፣ ይህን እወስዳለሁ። ከነቀዳዳው ግን አልወስድም።»

«ከነቀዳዳው አድገሽበታል።»

«እና ባሌ ጭንቅላቱን ያውጣበት?»

«አባትሽ እግሩን ያወጣ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ እሰፋዋለሁ። ዶሮ አለ፣ ዓሣ አለ። መሐሉ ላይ አበባ አደርግበታለሁ።»

መርፌ አነሣች። የኔ ልጅ ናትና ካለች እንደምታደርገው አውቃለሁ። አበባ፣ በግምቤ ቦታ። ከእጇ ነጠቅኋት፤ አጥፌ ተሸክሜ ወጣሁ።

«ወዴት ነው?» አለች ከኋላዬ።

«የቀደደው ዘንድ።»

ፒያሳ ስደርስ እመት ወለተ ሚካኤል በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዐይናቸው ደክሟል። ፋንታሁን ማኪናው ላይ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ እርሳሱ ግን ጆሮው ላይ አለ። ብርድ ልብሱን እሚሰፋው ሱሪ ላይ ዘረጋሁበት። ማኪናው ቆመ።

«ማን ነው?» አሉ እመት።

«የዚህ ብርድ ልብስ ባለቤት ነኝ እመት። ቆርጠው ያስቀሩብኝን ልወስድ መጣሁ።»

እጃቸውን ሰደው ጨርቁን ዳሰሱ። ዳስሰው ዳስሰው ቀዳዳውን አገኙት።

«እስከ ዛሬ አልሰፋሽውም?»

«አልሰፋሁትም።»

«እልኸኛ ነሽ።»

«ይሉኛል።»

ወደ ፋንታሁን ዞርኩ። «አንተስ? መቆረጡ አልበቃ ብሎ ካውያ አስቀመጥክበት?»

ካውያውን አንሥቶ ወደ ጎን አደረገው። «እናቴ እሳት ውስጥ ልትከተው ነበር» አለ። «ቀድሜ አነሣሁት። ቤት ብደብቀው ታገኘዋለች። ኋላም ሚስት መጣች፤ እሷም ታገኘዋለች። ከካውያ ሥር ግን ማንም እጁን አይሰድም... ቀኑን ሙሉ የማነሣ የማስቀምጠው እኔ ብቻ ነኝ።»

እንዲህ ያለ መደበቂያ የሚያስብ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። ትንሽ ቀለለኝ። የመጣሁት ግን ለዚህ አልነበረም።

«ያን ቀን ምነው ዝም አልክ?»

አቀረቀረ።

«ዛሬም ዝም ልትል ነው?»

መቀሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እናቴ፣ ጥቁሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ በሩን ቡኒ ልታደርገው ነበር። ጥቁር አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።»

እመት ወለተ ሚካኤል የቀዳዳውን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«አሁን ነው።»

«ያን ቀን ምላጩን ይዤ ቀና ብዬ አይቼህ ነበር። አንዲት ቃል ብትል እጄን እመልስ ነበር። ዝም ስትል አንተም እንደኔ የፈራህ መሰለኝ... ቆረጥኩት።»

ፋንታሁን ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ልስፋው?» አለ።

«ስፋው። በማኪና አይደለም፣ በእጅህ።»

ግምቡን አምጥቶ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። አልሞላም። ግምቡ በቃጠሎ ጠቧል፤ ቀዳዳው ደግሞ በዳኛው እግርና በእናኑ ጭንቅላት ሰፍቷል።

«አበላሽቼዋለሁ» አለ። «ተቃጥሏል።»

«የፋሲልስ ግምብ ስንቴ ተቃጠለ? ቆሟል። እንዲያውም አሁን ነው የመሰለው።»

ፈገግ አለ። ከብርድ ልብሱ ሥር ያለውን ሱሪ ስቦ አወጣና መቀሱን አነሣ።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የወልደኢየሱስ ነው። ጸሐፊው።»

«ያጥርበታል።»

«ይጠርበት።»

ከሁለቱ እግሮች ላይ ዙሪያውን የሚሞላ ጥብጣብ ቆረጠ። በመርፌው ቀዳዳ ክር ማስገባት አቃተው፤ ዐይኑ እንደ ድሮው አይደለም። ተቀበልኩትና አስገባሁለት። እሱ ይሰፋል፣ ክር ሲያልቅበት እጁን ይዘረጋል፣ እኔ አስገብቼ እመልስለታለሁ። ሊጨርስ ሲል ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«የማን አልጋ ላይ ነው የሚነጠፈው?»

«ለልጄ ነበር።»

«ነበር?»

«ነበር አልኩህ።»

መርፌው ቆመ። «ባንቺአየሁ... ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ። ሽማግሌው ግን ይቀመጥ። የሚናገረው አንተ ነህ።»

«የደከመው ዐይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ እመት ወለተ ሚካኤል ከወንበራቸው። «ከላከ እኔም አብሬ እመጣለሁ።»

አያ ማሩ አርጅተው በከዘራ ነው የሚሄዱት። ፋንታሁን እሳቸውን ደግፎ አመጣቸው፤ እናቱንም። ቤቴ ገብቶ፣ ቆሞ፣ በራሱ አፍ ጠየቀኝ።

እናኑ ስትሰማ አኮረፈች። «ሰው ምን ይላል? እኔ ልዳር ስል አንቺ?»

«ቅደሚ አንቺ። እኔ መቆየት ለምጃለሁ።»

ከዐብደላ ሱቅ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዛሁላት፤ አዲስ፣ ቀዳዳ የሌለው። ቀዝቃዛ ምስጋና ሰጥታኝ ወሰደችው። በቅርቡ ቤቷ ሄጄ ከአልጋው ሥር የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላ ከረጢት አየሁ። አበባዋን እዚያ ትስፋ።

እኔና ፋንታሁን በሰማንያ ተጋባን። ብርድ ልብሱን ማንም እንዲይዝልኝ አልፈለግኩም፤ ራሴ ተሸክሜ ገብቼ አልጋው ላይ አነጠፍኩት። እመት ወለተ ሚካኤል ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ።

«በሩ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ጥቁሩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ዳሰሱት። እጃቸውን ቶሎ አላነሡም።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወልደኢየሱስ ከፊት ከፊታችን ይሄዳል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል።

«ጨርቁ ሲታጠብ አጥሮ ነው» አለኝ ፋንታሁን ዝቅ ብሎ።

«ሳይታጠብ ነው» አልኩት።