የትሬቮን ሄልሜት

ትሬቮን የግራውን ጫማ ቀኝ እግሩ ላይ ለማጥለቅ ይታገላል። ኦዴል አጠገቡ ተቀምጦ ያየዋል። የመጀመሪያው አጋማሽ አልቋል። ሜዳው ጭቃ ስለሆነ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም ጫማ ይቀይራል።

«ጠበበኝ» አለ ትሬቮን።

«የግራው ነዋ!»

ትሬቮን ጫማውን አየና ሳቀ። «ስንት ለስንት ነን?»

«አሁን እኮ ነገርኩህ።»

ሁለቱ ለኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ይጫወታሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥም ይኖራሉ። ትሬቮን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፤ በግራ በኩል ቆሞ ኳስ ወርዋሪውን ከሚመጣበት ሁሉ ይከላከላል። ኦዴል ዘንድሮ የገባ፣ የእሱ ተጠባባቂ ነው። መስከረም ላይ በተከታታይ ሲሸነፉ የከተማው ፀጉር ቆራጭ ሳይቀር ይስቅባቸው ነበር። ከዚያ ማሸነፍ ጀመሩ። ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ካሸነፉ ዋንጫው የእነሱ ነው። የትሬቮን እናት ከሜምፊስ መጥተው ዝናብ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቅድም ሜዳ ላይ የተጋጨኸው ጭንቅላትህን ጎድቶታል» አለ ኦዴል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሚስ ሎሬታ ንገራቸው።»

ሚስ ሎሬታ የቡድኑ የጤና ባለሙያ ናቸው።

«ይፈትኑኛ! ነሐሴ ላይ፣ ጤነኛ ሳለን ሲፈትኑን እያወቅኩ ተሳስቻለሁ። አሁን ቢዞርብኝም ከዚያ ጋር ሲያስተያዩት ውጤቴ ያው ነው። ይሄን የማያውቅ ተጫዋች አለ እንዴ፣ ፋራ?»

«ሌላ ምት ቢደገምህስ?»

«ገባኝ። ቦታዬ ላይ አሰፍስፈህ ነው።»

ኦዴል እውነትም ቦታውን ይፈልገዋል። ገና ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ይፈልገዋል። ቢናገር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ትሬቮን ግን አሁንም ጫማዎቹን ያያል፤ የቱ የግራ እንደሆነ አልለየውም።

«ተነሱ!» ብሎ ኮቹ ጮኸ።

ትሬቮን ግድግዳ ይዞ ተነሳ። «ሄልሜቴ የታለ?»

ሄልሜቱ ኦዴል እጅ ላይ ነበር። ጭንቅላቱ የተመታ ተጫዋች ሄልሜቱን ይነጠቃል፤ አለዚያ ማንም ሳያየው ሮጦ ሜዳ ይገባል። አንዴ ከተነጠቀ ደግሞ በዚያ ቀን አይመለስለትም።

«አምጣው፣ ኦዴል።»

ኦዴል ክፍሉን አቋርጦ ሄደና ሄልሜቱን ሚስ ሎሬታ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«የትሬቮን ነው። የነሐሴውን ፈተና አይመኑት። እያወቀ ነው የተሳሳተው።»

ከኋላ አንዱ «ከሃዲ» አለ።

ሚስ ሎሬታ ሄልሜቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ሄደው የትሬቮንን አገጭ ያዙና ዓይኑን አዩት። «ና ልጄ፣ ጋደም በል። የዛሬው በቃህ።»

ኦዴል ስድብ ጠበቀ። ትሬቮን አግዳሚው ላይ ተዘረጋ። ፎጣ ፊቱ ላይ ጣል አደረገ። ትከሻው ቀስ እያለ ላላ።

«እባካችሁ መብራቱን አጥፉልኝ» አለ። «ከቅድም ጀምሮ ዓይኔን ሊያወጣው ነው።»

ኦዴል አጠፋለት። ሌሎቹ እየወጡ ነበር።

«ኦዴል።»

«አቤት።»

«ከፊትህ የሚቆመው ጎረምሳ ቀኝ እግሩን ካስቀደመ በውስጥ በኩል ነው የሚመጣብህ። እጅህን እንዳታዘገይ።»

«እሺ።»

«ለእማዬም ደህና ነው በላት።»

ኦዴል የራሱን ሄልሜት አጥልቆ ወጣ። ደጅ ላይ ቆም ብሎ መልሶ አወለቀው። ወደ ሜዳው ከመሮጡ በፊት ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ዝናብ ላይ የተቀመጡትን እናት በዓይኑ ፈለገ።