አንድ ዋንጫ ለሦስት

ዶን ኤላዲዮ ከነወንበራቸው ሲገለበጡ ፔትሮና ዋንጫውን አፏ ላይ አድርሳ ነበር። ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በአሱንሲዮን ከተማ ሙቀት ከማራገቢያቸው የማይነሱት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ግር ብለው መጡ፤ ሰውየው ግን አልቆላቸዋል። የጉድ አገር! በማግስቱ የአገሪቱን የሥራ አጥ ቁጥር ለጋዜጠኞች የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ። ቴሬሬ የተባለው ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ የሚቀዳበት የበረዶ ውሃ ንጹሕ ነው፤ መርዙ የተገኘው ቀንድ ዋንጫው ውስጥ ነው። ቀጂዋ ደግሞ ፔትሮና ናት። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ የመርማሪዋን የኒሚያን ቃል ብቻ ይጠብቃል።

«ማን ማን ጠጣ?» አለች ኒሚያ።

«እኔ፣ ዶን ኤላዲዮና አበልጄ ዊልፍሪዶ» አለች ፔትሮና። « ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ይጠይቁት፣ ዝንብ እንኳ እንደማልገድል ያውቃል!»

የሟቹ ምክትል ዊልፍሪዶ አንገቱን ደፋ። «እኔ ምን አውቃለሁ? የቀዳችው እሷ ናት።»

ፔትሮና ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«እርስዎስ፣ ዶን ኦስቫልዶ?»

«እኔማ በሩ ላይ ቆሜ ከሟቹ ጋር እጨቃጨቅ ነበር» አሉ ዋና ኃላፊው። «ከሥራ የተባረሩ ሰዎችን፣ ቤታቸው ሳይሄድ፣ ቅጹ ላይ ሥራ አላቸው ብሎ የሞላ ሰው አለ፤ ነገ ስሙን እናገራለሁ አሉኝ። መሥሪያ ቤቱን አያዋርዱት አልኳቸው እንጂ ዋንጫውን አልነካሁም። ፔትሮና አፏ ላይ ስታደርሰው ግን አይቻለሁ።»

ኒሚያ ወደ ፔትሮና ዞረች። «ዋንጫው እንዴት ነው የሚዞረው?»

«ዶን ኤላዲዮ መስኮቱ ጋ ነው የሚቀመጡት። አበልጄ መሃል ስለሆነ ተቀብሎኝ ያቀብላቸዋል።»

«በሁለተኛው ዙር እሱ ጠጣ?»

«በመጀመሪያው ሁላችንም ጠጣን፤ በሁለተኛው ግን በቃኝ ብሎ አሳለፈው። ‹በረዶው ሳይቀልጥ መቼ ጠግበህ ታውቃለህ› ብዬ ቀልጄበት ነበር።»

ኒሚያ በሩን ዘጋች።

«ሁላችሁም ስሙኝ። በመጀመሪያው ዙር ሦስቱም ጠጥተው ደህና ነበሩ። ስለዚህ መርዙ የገባው በሁለተኛው ነው። ያን ጊዜ ዋንጫውን ከሟቹ ሌላ የነኩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ፔትሮና መርዙን ብታውቅ ኖሮ ያንኑ ዋንጫ ለራሷ ደግማ አትቀዳም ነበር፤ አፏ ላይ ስታደርሰው ዶን ኦስቫልዶ አይተዋል። ቤት ለቤት ዞሮ ሠራተኛና ሥራ አጥ ለይቶ ቅጹን የሚሞላው ማነው?»

«ዊልፍሪዶ ነው» አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው።

«ዛሬ በቃኝ ያለውም እሱ።»

«ሊያስባርሩኝ ነበር!» ጮኸ ዊልፍሪዶ። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

ፔትሮና ተጠጋችው። «ዋንጫውን ሳነሳ እያየኸኝ ነበር?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«አበልጄ፣ እያየኸኝ ነበር ወይ?»

«ምን ላድርግ? አትጠጪ ብልሽ እኮ ይታወቅብኛል።»

ከካቴናው ይልቅ ይህ ቃል አንጀቷን ቆረጠው። አንዲት ቃል ነፍጓት ሊገድላት ነበር።

«ልጄ የክርስትና አባቴ የት ሄደ ካለችኝ፣ ሞተ እላታለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።