በሩ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ የቀረን

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይህን ፊቴ ላይ ያልወረወረብኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የወረወሩትን ግን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ሥራዬ ንብ ማርባት ነው። ልብስ ሰፊዋን ያገኘኋት የፊት መከለያዬ መረብ ተቀዶ ላሰፋ ቤቷ የሄድኩ ቀን ነበር።

«ይሄ መረብ ከንብ ነው ከሰው የሚከልልህ?» አለችኝ፣ እያገላበጠችው።

«ከሰው የሚከልል ቢሆንማ ሁለት አሰፋ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ቆይቶ ያየኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ መረቡ በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር። እሷም ማን እንደሚቀድደው ሳትጠይቅ ትሰፋዋለች።

እሷን እንዲድሩልኝ አባቷን ልጠይቅ በወሰንኩ ጊዜ ግን ኑሮዬ ተመሰቃቅሎ ነበር። ድርቁ አበባውን ጨርሶ ግማሹ ቀፎ ባዶ ቀርቷል። ቤትም ልቀቅ ተብያለሁ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» ትለኛለች።

«እሱማ ያውቃል፤ ለእኔ መንገር ነው የከበደው» እላታለሁ።

አባቷ እሷም ባለችበት ግቢ ውስጥ አቁመው አነጋገሩኝ። ወንበር እንኳ አልሰጡኝም።

«እስከ ስንት ተምረሃል?»

«እስከ ስድስት።»

«ንቦችህስ? ከአንተ ይሻላሉ?»

ልመልስላቸው ስል ከአጥሩ በላይ ሰማዩ ጠቆረ። ድርቁ ቀፎ ያስጣለው የንብ መንጋ ነበር። አባትየው ሮጠው ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉት። እሷ ውጭ ቀረች።

መንጋው ግቢውን ሞላው፤ ዞረ፣ ተተራመሰ፣ መጨረሻ ላይ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ክንዷን ይዞ ወርዶ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠለጠለ።

ስንቱን መንጋ ያነሳሁት ሰውዬ እንደ ጀማሪ ጮህኩ።

«አትንቀሳቀሺ!»

«እኔማ ቆሜያለሁ። የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ።»

«ጭስ የለኝ፣ መረብ የለኝ። ምን ላድርግ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ባለሙያው አንተ!»

«ጠፋብኝ።»

«እንግዲያው አጠገቤ ቁም። ያመጣቸው ይወስዳቸዋል።»

አጠገቧ ቆምኩ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፊቴን ሳስጠጋ፣ ከሩቅ ሁከት የመሰለኝ ድምፅ ሁከት አልነበረም። ያ ሁሉ ክንፍ የሚያሰማው አንድ ዜማ ነበር። ዕድሜዬን ከንብ ጋር ጨርሼ ያን ቀን ገና ሰማሁት። አምላኬን ስንት ጊዜ ወቅሼዋለሁ፤ ያን ሰዓት ግን መውቀሱን ተውኩ።

ከዚያ ማንም ሳይነካቸው፣ ጥሪ እንደ ደረሰው ሰው፣ ሁሉም ባንዴ ተነሱ። አጥሩን ተሻግረው ሄዱ። ክንዷ ላይ የአንዲት ንብ ንድፊያ ምልክት እንኳ አልነበረም።

በሩ ተከፈተ። አባትየው አንድ ጆሯቸው አብጦ ወጡ። ለካ አንዲቷ አብራቸው ገብታ ኖሯል።

ልጃቸውን አዩ፤ የዘጉትን በር አዩ።

«አንቺን ውጭ ትቼ ነው የቆለፍኩት?» አሉና ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ለምን አልሮጥክም?»

«እሷ እዚህ ሆና ወዴት ልሩጥ?»

ጆሯቸውን ይዘው ገቡ። ሲመለሱ ወንበር ይዘዋል።

«ተቀመጥ እንጂ! ልጄን የምትጠይቀኝ ቆመህ ነው እንዴ?»

ያ ወንበር ምን ያህል ቆጭቶኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አልተቀመጥኩም። እጇን ይዤ፣ ንቦቹ የሄዱበትን ሰማይ አብረን እያየን ቆመን ቀረን።