ዝም ያለው ክዳን

ፓስኩዋላ ክዳኑን ጠመዘዘችው። ምንም ድምፅ የለም።

ደግማ ስትጠመዝዘው ጭራሽ እጇ ላይ ወለቀ። ጭስስ ማለት የነበረበት ትልቁ የለስላሳ ጠርሙስ ጭጭ አለ። እሳቱን ከበው በትንንሽ ወንበሮች የተቀመጡት ሁሉ ጠርሙሱን አዩ፦ የምትጠየቀው የሮሰንዳ አባት ኒኮላስ፣ የኒኮላስ እናት አሮጊቷ ቱማሳ፣ የራሷ እናት ማርሴላ። ወንድሟ ሳልቫዶር ብቻ የሚያይበት ጠፍቶት ጫማውን አየ። ሊጠየቅለት የመጣው እሱ ነው፤ ሮሰንዳን ለማግባት።

በቺያፓስ ተራሮች፣ በኛ መንደር፣ ልጅ የሚጠይቅ ቤተሰብ ለስላሳ ይዞ ይሄዳል። ከጠያቂዎቹ ታናሽ የሆነው ጠርሙሱን እዚያው ሰው ፊት ይከፍትና በአንዲት ብርጭቆ ከልጅቷ አባት ጀምሮ እየቀዳ ያዞራል። አባትየው ከጠጣ ነገሩ አለቀ። ካልጠጣ ግን ጠርሙሱን አንጠልጥሎ ወደ ቤት ነው።

ድሮ የሚወሰደው ሣጥን ሙሉ ነበር። መንግሥት በስኳር መጠጥ ላይ ታክስ ከጣለ ወዲህ ሁሉም የየራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ የዱቄት ጭማቂ በጠበጠ፣ ሌላው ወደ ጥንቱ የበቆሎ መጠጥ ተመለሰ፣ አንዳንዱም ታክሱን እየረገመ እንደ ድሮው ይጠጣል። ባሏ ለሥራ ድንበር አቋርጦ ወደ ሰሜን የሄደባት ማርሴላ ደግሞ ለስላሳን ከገበታ ላይ አነሳችው። በየገበያው ቀን አንድ ጠርሙስ እየገዛች ለዚህች ቀን ስትል አልጋ ሥር ሸሸገች። ሦስት ሞላላት።

አልጋው የፓስኩዋላ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ። በነጋታው ሌላ ጉንጭ። «ስኳር ጤናን ይጎዳል» የሚለውን የክፍሏን ፖስተር በዚያ በሚያምር ጽሑፏ የጻፈችው ራሷ መሆኗም አላስቆማትም። አንደኛው ጠርሙስ ሲጋመስ ወደ ሁለተኛው ዞረች። የጎደለውን በውሃና በቡናማ ስኳር ሞላችው። ቀለሙን አስተካከለች፣ ጣዕሙንም ቀምሳ አረጋገጠች። ጋዙን ግን ማን ያስታውሰው!

«ምነው ዝም አለ?» አሉ ቱማሳ። «ጋዙም ታክስ ተጣለበት እንዴ?»

ኒኮላስ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። ፓስኩዋላ የቀዳችለትን ብርጭቆ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ አሸተተ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከእግሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠው።

አልጠጣም።

«ማርሴላ፣ ገንዘብ ካጠረሽ ውሃ ነው ብለሽ ብታመጪልን አንቀየምም ነበር» አሉ አሮጊቷ። «እኛ እኮ ጎረቤት ነን።»

የማርሴላ ፊት ፍም መሰለ። «በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም! ኤውላልያ ናት፣ ያቺ የሸጠችልኝ ባለሱቅ! ቆይ፣ ነገ በገበያ መሐል ጉዷን አወጣዋለሁ።»

«አንቺ ምን አደከመሽ፣» አለ ሳልቫዶር ጥርሱን ነክሶ፣ «እኔ ራሴ ሄጄ ሱቋን እዘጋላታለሁ።»

ኤውላልያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ሱቅ ነው። ፓስኩዋላን ባየቻት ቁጥር «ቆንጅዬ» እያለች ትጠራታለች።

«አንቺ ጀዝባ፣ ምን ያፈዝሻል?» ሳልቫዶር እህቱን ጎሸም አድርጎ በሹክሹክታ ተናገራት። «ሌላውን ክፈቺ እንጂ! አታዋርጂኝ።»

ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በስተግራ ያለው እንደ መጀመሪያው ነው፤ ታውቀዋለች። በስተቀኝ ያለው ግን ያልተነካ ነው። እሱን ብታነሳ ጭስስ ይላል፣ አረፋው ይወጣል፣ ኒኮላስ ይጠጣል፣ ሳልቫዶርም ሮሰንዳን ያገኛል። ያኛውን ደግሞ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ አደናቅፎኝ ፈሰሰ ማለት ይቻላል። ነገ የምትሰደበው ኤውላልያ ናት።

እጇ ወደ ቀኝ ሄደ። ያልተነካውን አነሳችው። ከበደ። ክዳኑ ጥብቅ እንዳለ ነው።

ቀና ስትል እናቷን አየች። ማርሴላ ሻርፗን አገጯ ድረስ ስባ፣ ማንንም ላለማየት እሳቱን ታያለች። ለስላሳው ከገበታ ከተነሳ ጀምሮ እናቷ አንዲት ጉንጭ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። የፓስኩዋላ ጆሮዎች ጋሉ፤ ጉንጮቿ፣ አንገቷ ሳይቀር ጋለ።

«ክፈቺው አልኩሽ፣ ሰው እየጠበቀ!» አለች ማርሴላ።

ፓስኩዋላ ጠርሙሱን ሳትከፍተው መሬት ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ቆመች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋባት።

«እማ፣» አለች፣ ድምጿ ከራሷ ጆሮ እንኳ ራቀባት፣ «ኤውላልያ ጋ እንዳትሄጂ።»