ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው

የሰው ዕቃ በፒክአፕና በተሳቢ እያመላለሰ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ነበር። የሰፈሩ ሰው በሌለበት «ጋሽ ብቻዬን» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። አልጋ ሲያወርድ «ላግዝህ?» ቢሉት «ብቻዬን እወጣዋለሁ»፣ ቁም ሳጥን ሲያወጣ «ልያዝልህ?» ቢሉት «ብቻዬን» ነው መልሱ። ትዕቢተኛ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን ትዕቢት ነው አልልም፤ ብቸኝነት ሲሰነብት ትዕቢት ይመስላል።

ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አንደኛው ላይ ልብስ ተከምሮበታል። ሬዲዮው ሲያወራ «አይ፣ እሱስ ልክ አይደለም» እያለ ይከራከረዋል። በጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫም የመፍቻና የገመድ ማስቀመጫ ከሆነ ቆይቷል።

ነገሩ ያለው ፍሬኑ ላይ ነውና ስለ እሱ ትንሽ ልንገራችሁ። የዚህ ሰው ተሳቢ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬን አለው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ኤሌክትሪኩ በሽቦ ወደ ኋላ ይሄዳል። በየጎማው የብረት ከበሮ ውስጥ ያለችው ማግኔት ከበሮው ላይ ትጣበቅና የፍሬን ሸራውን ትገፋዋለች፤ ሸራው ጎማውን ይይዛል። በትክክል መያዙን ለማወቅ ጎማውን በክሪክ አንስቶ ማሽከርከርና ፔዳሉን ማስረገጥ ነው። ችግሩ፣ ፔዳሉ ፊት፣ ጎማው ኋላ ስለሆነ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች በየሦስት ወሩ ጋቢና ገብታ ትረግጥለት ነበር። ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ብቻውን ሞከረ። ጎማውን አሽከርክሮ ሮጠና ፔዳሉን ረገጠ፤ ሮጦ ሲመለስ ጎማው ቆሟል። ፍሬኑ ያቁመው፣ ደክሞት በራሱ ይቁም ማን ያውቃል? በሌላ ቀን ፔዳሉን በዱላ ደገፈው፤ ዱላው ሾልኮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ተወው። ጎረቤት ጠፍቶ አይደለም። በሚስቱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት ፈርቶ ነው።

በዚህ ዓመት ሸራው አልቆ መጮኽ ሲጀምር መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ዕቃውን ከማውጣቱ በፊት ጠየቀው።

«ተሳቢው ሲሞላ ስንት ኪሎ ይሆናል፣ አባቴ?»

«እንደ ድሮው ስጠኝ ብዬህ የለ እንዴ!»

«የድሮውማ ለቀላል ጭነት የሚሆን ነው። እርስዎ የሰው ቤት ሙሉ ዕቃ ነው የሚጭኑት። ፍሬን የሚመረጠው በጭነት ልክ ነው።»

ሰውዬው እያጉረመረመም ቢሆን ተስማማና ተለቅ ያለውን ገዛ። ሻጩ ዕቃውን እያሰረ፣ «ሲገጥሙት አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልዎት፤ እርስዎ ሁለቱንም ጎማ አንድ በአንድ ይዩ» አለው።

«ሰው የለኝም።»

«ከሰፈሩ ሁሉ አንድ እግር ጠፋ?»

«መኪናው የራሱ ፍሬን አለው። ብቻዬን እወጣዋለሁ።»

«እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አባቴ» ብሎ ሻጩ ዕቃውን ሰጠው።

ግቢው ውስጥ ጎማዎቹን ፈትቶ አዲሱን ሲገጥም ዋለ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ሳቂታ ሴት። በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ላግዝዎት? ወገቤን ላፍታታ ወጥቼ ነው፤ ሥራ የለኝም።»

«አይ እህቴ፣ ግቢ። ጨርሻለሁ።»

ገባች። እሱም የስፌት መኪናዋ ድምፅ እንደገና እስኪሰማ ጆሮውን ጥሎ ቆየ። ያ ድምፅ ሲቋረጥ ቀኑ ይረዝምበታል፤ ይህን ግን ለእሷ ነግሯት አያውቅም። ሥራውን ሲጨርስ ባዶ ተሳቢውን ሜዳ ላይ ነድቶ ፍሬን ያዘ። ቆመ። «ሠርቷል» አለ ለራሱ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ሰፋ ያለ ቤት ስለተከራየች ሦስቱን የስፌት መኪኖቿንና የመቁረጫ ጠረጴዛዋን እንዲያደርስላት ጠየቀችው። መፍቻውንና ገመዱን አንስቶ መቀመጫውን በእጅጌው ጠረገላት። መንገዱን ሙሉ ስለ ደንበኞቿ አወራችለት። ትናንት የተለኩት ሱሪ ዛሬ ሲጠባቸው እሷን የሚቆጡ ሰዎች እንዳሉ ስትነግረው ሳቀ። በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያ ጋቢና ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ቁልቁለቱን ሲጋመሱ ፊት ለፊታቸው አውቶቡስ ቆመ። ፍሬን ያዘ። የተሳቢው ግራ ጎማ ያዘ፤ ቀኙ ግን መንከባለሉን ቀጠለ። ጭነቱ ከኋላ ገፋ፣ ተሳቢው ተጣመመ፣ ፒክአፑንም ይዞት ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር በቀኝ በኩል አላተመው። ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ነበር።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ጠበቃት። እጇ በጄሶ ታስሮ ወጣች።

«አጥንቱስ ይገጥማል አሉኝ። መቀስ መያዙን ግን እንጃ አሉ» አለችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍሬኑን አልሞከርኩትም። ለመሞከር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሰው አልነበረኝም።»

ትክ ብላ አየችው። «ከአጥሩ ወዲያ ማን ነበር፣ ጋሼ?»



ዘጠኝ ቀን ከቤት አልወጣም። ልብስ ሰፊዋ ቤት መቀየሩ ቀርቶባት እዚያው ብትሆንም ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ የለም። ሬዲዮውን ቢከፍተውም ዝምታው አልሸፈንለት አለ። እሱን ያመመው የፒክአፑ መጨርመት አልነበረም። ያቺ ሴት በዚያ እጅ ነው የምትኖረው። በአሥረኛው ቀን በሯን አንኳኳ። 

«ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው... ፈልጌ ነበር። እባክሽ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!» አለች። ፊቷ አልተፈታም። ከዚያ ግን እግሯን ተመለከተች። «እግሬስ ደህና ነው። ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

ከነተሳቢው ተጎትቶ ግቢው ውስጥ የቆመው ፒክአፕ ውስጥ በሾፌሩ በር ገብታ ተቀመጠች። እሱ ግራውን ጎማ በክሪክ አንስቶ አሽከረከረ። «ርገጪ!» ሲላት ረገጠች፤ ጎማው ቀጥ አለ። ወደ ቀኙ ዞረ።

«ርገጪ!»

«ረግጫለሁ።»

ጎማው ይሽከረከራል።

«ርገጪ እንጂ!»

«ረግጫለሁ አልኩዎት!»

የቀኙን ጎማ ሽቦ በጣቱ ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ። ቀለሙን ሳይፍቅ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አስሮት ነበር፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ማሽከርከሩም፣ መርገጡም፣ ጥፋቱን ማግኘቱም ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የሴትዮዋን እጅ ሁለት ደቂቃ ያድነው ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ተሳቢ የምትጎትቱ ሁሉ፣ ፍሬናችሁን በጭነታችሁ ልክ ምረጡ፤ ሽቦው የሚታሰርበትን ብረት ፍቃችሁ እሰሩ፤ ሁለቱንም ጎማ ሳትሞክሩ የሰው ዕቃ አትጫኑ፣ ሰውማ ጭራሽ አታሳፍሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሰው ላለማስቸገር ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ ያ ዝምታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስከፍለው አታውቁም።

ልብስ ሰፊዋ ልቅሶውን ሰማች። ከጋቢናው አልወረደችም፤ «አይዞዎት» አላለችውም፤ ይቅርታ አደረግሁም አላለች። ጄሶ ያለበትን እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ይነሱ፣ ጋሼ። ቀለሙን ይፋቁት፤ እግሬን ከፔዳሉ አላነሳሁም።»